መቀስና ሙጫን ለሚንቁ

በየካና በእንጦጦ ግርጌ በጭቃ ቤት ያደገ ሰው በግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ አይዘነጋም። እናቶች ዱቄት በውሃ አፍልተው ሙጫ ያዘጋጁ ነበር፤ በጋዜጣውም የምርጉን ስንጥቅ ይሸፍኑ ነበር። ብዙ ልጅ ፊደል የለየው ከዚያ ግድግዳ ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ወረቀት ወደ ሥዕል ክፍል ሲገባ የሚጠብቀው ንቀት ነው። ወረቀት ቆርጦ መለጠፍ የሕፃናት ጨዋታ ነው፤ ሥዕል ማለት ሸራና የዘይት ቀለም ብቻ ነው የሚሉ መምህራንና ሠዓልያን ዛሬም አልጠፉም። አባባላቸው በሁለት በኩል የተሳሳተ ነው።

በመጀመሪያ ታሪክን ይክዳል። የአዲስ አበባው ተወላጅ እስክንድር ቦጎሲያን በ1955 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ወደ ለንደን፣ ከዚያም ወደ ፓሪስ የሄደ የዘይት ቀለም ሠዓሊ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. በሠራው «የድንጋጤና የደስታ የሌሊት በረራ» ላይ ግን በዘይት ቀለም በተሣለው ሸራ ላይ ቁርጥራጭ ለጥፎበታል። በዚያው ዓመት «የጁጁ ሠርግ» የተባለውን ሥራ ሲሠራ ሸራውን ፈጽሞ ትቶ፣ የተቆረጠና የተቀደደ ካርቶን በቴምፕራና በብረታማ ቀለም ቀባ። ይህ ሥራ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። እስክንድር ከ1966 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሮ ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላም በዛፍ ልጥ ጨርቅ ላይ ሠርቷል። ለቁሱ የነበረው አክብሮት ከዓመት ወደ ዓመት አደገ እንጂ አልቀነሰም። ፈረንሳዊው ማቲስም በቀለም የተቀባ ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ «ጃዝ» የተሰኘውን መጽሐፍ በ1947 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዕድሜውን ሙሉ በሸራ ላይ ከሠራ በኋላ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ አባባሉ የሥራውን ክብደት አያውቅም። ከመጽሔት የተቀደደ ፎቶግራፍ መደርደር ሌላ ነገር ነው። እዚህ ሠዓሊው ወረቀቱን ራሱ ይቀባል፤ ያደርቃል፤ ከዚያ ይቆርጣል። ቀለሙና መስመሩ የሚወለዱት በአንድ ጊዜ ነው። ብሩሽ የሳተውን መልሶ መቀባት ይቻላል፤ መቀስ የሳተው ግን አይመለስም። ስለዚህ ቁራጮቹ ሳይለጠፉ ደጋግመው ይደረደራሉ፤ ቦታቸውን ካገኙ በኋላ ብቻ ሙጫ ይነካቸዋል። ጋዜጣ ቶሎ ቢጫ ሆኖ ስለሚሰባበር ጠንከር ያለ ወረቀት መምረጥም የሙያው አካል ነው።

ከእንጦጦ ጫፍ ቆሞ የካን ቁልቁል የተመለከተ ሠዓሊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጥቁር አረንጓዴው ባሕር ዛፍ፣ የዛገው ቆርቆሮ፣ አዲሱ ቆርቆሮ፣ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ጠርዝ አለው፤ መቀስ የሚጠይቀውም ይህንኑ ጠርዝ የሚያይ ዓይን ነው።

ሸራ የመግዛት አቅም የሌለውን ተማሪ ሠዓሊ አትሆንም ብሎ መመለስ የጥበብን ደረጃ ማስጠበቅ አይደለም፤ በር መዝጋት ነው። መምህሩ መቀሱን ለተማሪው ይስጠው፤ የዐውደ ርእይ አዘጋጁም የወረቀቱን ሥራ ከዘይት ቀለሙ ጎን ይስቀለው። ያን ጊዜ ፍርዱ የሚሰጠው በሥራው እንጂ በቁሱ ዋጋ አይሆንም።