አምነናቸው የረሳናቸው ስልኮች

በዚህ ዓምድ ስለ ጓዳችን፣ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ባልና ሚስት ወግ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ስለ ስልክ ነው የማወጋችሁ። «ይሄ የልጆች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት አደራ። እኔም እንደዚያ ብዬ አልፌው ነበር፤ ያልኩበትንም ዋጋ ከፍዬበታለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለጥንዶች ትምህርት የሚሆን ጽሑፍ ላሳትም ወደ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ጽሑፉ ያለው ቴሌግራሜ ላይ ነው። ልጁ ሰው በዝቶበት ቀና እንኳ ሳይል፣ «ማዘር፣ ቴሌግራምዎን እዚህ ይክፈቱት» አለና ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። ኪው አር ኮዱን በስልኬ አነሳሁት። ኮምፒውተሩ ቀጥሎ የሁለተኛውን ደረጃ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ይህን ያስገባችልኝ ልጄ ናት፤ «እማዬ፣ ይህ ካለሽ ማንም ሰው ዘው ብሎ አይገባብሽም» ብላ። ከኋላዬ ሰው ቆሟል፣ ትምህርቱ ሊጀመር ነው፤ ጻፍኩለት። 40 ቅጂ ታተመልኝ፤ ሂሳቤን ከፍዬ እየሮጥኩ ወጣሁ። ቴሌግራሙን ግን አልዘጋሁትም።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ልጄ ስልኬን ስትነካካ፣ «እማዬ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ኮምፒውተር ያለሽ?» አለችኝ። ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚል ቦታ አለ። እዚያ ከስልኬ ስም በታች ዊንዶውስ የሚል አንድ መስመር ተቀምጧል። ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተውም በዚያው ዕለት ጠዋት ነው።

ገንዘብ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለችኝ አንዲት እህት ናት። የፓስተር ሚስት ስልክ ምን ምን እንደሚይዝ ታውቃላችሁ፤ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የተጻፈ አለ፣ እያለቀሱ የተቀዳ ድምፅ አለ፣ «ለፓስተርም ቢሆን እንዳይነግሩብኝ» የተባለ አለ። ያቺ እህት ለወራት ስለ ትዳሯ ስትጽፍልኝ ነበር። ባለቤቴ እንኳ ያላየውን መልእክት አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጠረጴዛ ላይ ክፍት አድርጌ ትቼዋለሁ።

ልጄን፣ «ታዲያ ያ የይለፍ ቃል ምን ሠራ?» ብዬ ተቆጣኋት። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ ነገሩ ያልገባኝ እኔ ነበርኩ። ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለው ነገር በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ነው። አንድ አዲስ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ሊገባ ሲል፣ በስልክ ቁጥራችን ከሚመጣው ኮድ በላይ እኛ ብቻ የምናውቀውን ተጨማሪ ቃል ይጠይቃል። አንዴ ትክክለኛውን መልስ ሰጥተን ካስገባነው ግን ያ መሣሪያ የታመነ ነው፤ ዘበኛው ደግሞ አይጠይቀውም። ቤት ውስጥ ገብቶ የተቀመጠን እንግዳ ዘበኛ ምን ያደርገዋል? ስለዚህ በራችንን ማጠንከር አንድ ነገር ነው፤ ውስጥ ማን ማን እንዳለ ማየት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን አድርገን ሁለተኛውን እንተዋለን።

በድንጋጤ የይለፍ ቃሉን ልቀይር ስል ልጄ እጄን ያዘችኝ። ቴሌግራም ላይ የሁለተኛውን ደረጃ ቃል መቀየር አስቀድሞ የገባውን መሣሪያ አያስወጣም። መጀመሪያ ከዝርዝሩ ላይ ማስወጣት፣ ከዚያ ቃሉን መቀየር ነው። አንዱን ብቻ ነክቶ ማስወጣት ይቻላል፤ ወይም በእጃችን ካለው ስልክ በቀር ሌላውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያስወጣ ቀይ ጽሑፍ አለ። እኔ ቀዩን ነካሁ። ቃሉንም ቀየርኩ፤ በሰው ኮምፒውተር ላይ የጻፉት ቃል ከዚያ ወዲያ ምሥጢር ነው አይባልምና።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አዲስ የገባ መሣሪያ ከእሱ በፊት የነበሩትን ወዲያው ማስወጣት አይችልም፤ ቴሌግራም ጥቂት እንዲቆይ ያደርገዋል። ይህ ለባለቤቱ ትልቅ ዕድል ነው። «አዲስ መሣሪያ ገብቷል» የሚል መልእክት ሲመጣ ሥራ ሠርቼ ስመለስ አየዋለሁ ማለት ግን ዕድሉን መጣል ነው። ሌባው ጊዜው ካለፈለት እኛን ራሳችንን ያስወጣናል።

ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተን መሣሪያ ቴሌግራም በራሱ ያስወጣል፤ ጊዜውንም ከአንድ ሳምንት ጀምሮ እኛው እንመርጣለን። እኔ ወደ አንድ ሳምንት አውርጄዋለሁ። ነገር ግን በዚህ አትተማመኑ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለ ኮምፒውተር በየቀኑ ይከፈታል።

በማግስቱ ወደዚያ ቤት ሄድኩ። ልጁን ልጣላው አስቤ ነበር፤ እሱ ግን ከልቡ ደነገጠ። ኮምፒውተሩን ሲያሳየኝ የእኔ ብቻ አልነበረም፤ የሌሎች ሁለት ሰዎች ቴሌግራምም ክፍት ነው። አንደኛው የሽማግሌ ፎቶ አለው። «ማዘር፣ ሰው ሁሉ ከፍቶ ይሄዳል፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ ሳሳትም በፍላሽ ይዤ ነው የምሄደው፤ ፍላሽ ካልያዝኩም ለልጁ ፋይሉን ብቻ እልክለታለሁ። ቫይረሱ ሌላ ጣጣ ነው፤ እሱን ለሌላ ጊዜ።

ጂሜል የምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። ኮዱን በምታስገቡበት ገጽ ላይ «በዚህ መሣሪያ ላይ ዳግመኛ አትጠይቀኝ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ራሳችሁ ብቻ በምትይዙት ስልክ ላይ ምንም አይደለም። በመሥሪያ ቤት የጋራ ኮምፒውተር፣ በሰው ላፕቶፕ ላይ ግን አትንኳት። ነክታችሁት ከሆነም ከጎግል አካውንታችሁ የደኅንነት ገጽ ገብታችሁ የገባችሁባቸውን መሣሪያዎች በሙሉ ማየት፣ የማታውቁትን ማስወጣት፣ ያመናችኋቸውንም መሻር ትችላላችሁ። ዋትሳፕም እንዲሁ የተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር አለው፤ ከዋናው ስልክ ሌላ እስከ አራት ይይዛል።

አይፎን ያላችሁ ቤተሰቦች ግን ጠንቀቅ በሉ። እዚያ የታመነው መሣሪያ ራሱ ኮዱን ይቀበላል። አባት አዲስ ስልክ ሲገዛ አሮጌው ለልጅ ይተላለፋል፤ የአባት አካውንት ካልወጣ የአባት ኮድ በልጅ እጅ ላይ ብቅ ይላል። ልጁ ስልኩን ትምህርት ቤት ቢጥለውስ? ስልክ ስንሰጥም ሆነ ስንሸጥ መጀመሪያ ከአካውንታችን መውጣት፣ ከዚያ ፋብሪካ እንደ ወጣ አድርጎ ማጥፋት፣ በመጨረሻም በአዲሱ ስልክ ላይ ዝርዝሩን ከፍቶ የአሮጌው ስም መጥፋቱን ማየት ያስፈልጋል። ፎቶዎቹን ብቻ አጥፍቶ መስጠት ቤቱን ጠርጎ ቁልፉን በር ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው።

ልጆቻችን ወደ ዓረብ አገር ወይም ወደ አሜሪካ ሲሄዱ የሚረሱት ደግሞ ቁጥራቸውን ነው። የእዚህ ቁጥር ሳይሠራ ሲቆይ ይዘጋል፤ ቆይቶም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ በኋላ ኮዱ የሚሄደው ለማያውቁት ሰው ነው። ከቴሌግራምም ከዋትሳፕም ላይ ቁጥር መቀየሪያ አለ፤ አሮጌው ሲም ሳይዘጋ አዲሱን ማስገባት ነው። ለጂሜል ደግሞ ጎግል 10 መጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ስምንት አኃዝ ነው፤ አንዱ የሚያገለግለው አንዴ ብቻ ነው። የእኔዎቹ በወረቀት ተጽፈው የቤት ካርታችን ያለበት ፖስታ ውስጥ ናቸው። ስልክ ውስጥ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥማ ስልኩ የጠፋ ቀን ምን ይረባል?

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ፣ ወደ ባልና ሚስት ልምጣ። «አንድ ሥጋ ከሆንን የእሱ አካውንት በእኔ ስልክ ላይ ቢከፈት ምን አለበት?» የምትሉኝ እህቶች አላችሁ። የባንክና የቤት ጉዳይ ከሆነ እሰየው፤ አንዱ ቢታመም ሌላው መግባት አለበት። እኛም ቤት የመጠባበቂያ ኮዶቹን ቦታ ሁለታችንም እናውቃለን። ነገር ግን ሁለት ነገር ለዩልኝ። ተነጋግረው የከፈቱት አንድ ነው፤ ባል ተኝቶ ሳለ በድብቅ ኪው አር ኮድ አንስቶ የከፈቱት ሌላ ነው። ሁለተኛውን ያደረገች እህት አጋጥማኛለች። ያየችው መልእክት ምንም አልነበረበትም፤ ባሏ ግን ዝርዝሩ ላይ የእሷን ስልክ ስም አነበበው። ያንን ለመጠገን ብዙ ወር ፈጅቷል። የጠረጠራችሁ እንደ ሆነ ሰውየውን ጠይቁት፤ ስልኩን አትጠይቁት።

የሌሎችን ምሥጢር የምንይዝ ደግሞ፣ አገልጋይም ሆንን ሐኪም ወይም የማኅበር ገንዘብ ያዥ፣ ያ ምሥጢር የትዳር ጓደኛችንም አይደለም። ባለቤቴ የእኔን ቴሌግራም አይከፍትም፤ እኔም የእሱን አልከፍትም። በዚህ ተኮራርፈን አናውቅም።

ያቺን እህት ሳልነግራት ላልፍ አስቤ ነበር፤ አልዋሽም። ማንም ያነበበው ላይኖር ይችላል፤ ለምን አስደነግጣታለሁ አልኩ። ባለቤቴን ስሟን ሳልጠራ ባማክረው፣ «ምሥጢሩ የማን ነው?» ብቻ አለኝ። ሐሙስ ዕለት ቤቷ ሄድኩ። ቡና አፍልታ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሲኒውን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ መስኮቱን ስታይ ቆየችና፣ «የድምፁንም ይከፍቱታል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ ሊከፍቱት ይችሉ ነበር» አልኳት። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም፤ እኔም ሁለተኛውን ቡና ሳልጠጣ ወጣሁ።

ወር ያህል ድምፅዋን አልሰማሁም። ይህንን የምጽፈው ፈቃዷን ጠይቄ ነው። አሁንም በቴሌግራም አትጽፍልኝም፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ በአካል ትመጣለች፤ ስልኮቻችንን ሳሎን ትተን ጓዳ እንቀመጣለን።