«ዋናው ጤናሽ ነው» አትበሏት

ይድረስ በካንሰር ክፍል ለምትሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች ባልደረቦቼ፣

የማህፀን በር ካንሰር ታካሚ ጨረሯን ስትጨርስ እንዴት እንደምትሸኟት አውቃለሁ። ተቅማጥ አለሽ? ሽንት ያቃጥልሻል? ደም ካየሽ ቶሎ ነይ። ቀጠሮዋ ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ በቃ። ስለ ግንኙነት አንድም ቃል አይነሳም።

ጨረሩ ብልቷን እንደሚያደርቀው፣ ጠባሳውም እየቆየ እንደሚያጠበው ግን ታውቃላችሁ። ቁስለቱ ሲበርድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው ካለቀ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ፣ ማስፊያ መጠቀም መጀመር ትችላለች። ውሃ ላይ የተመሠረተ ማለስለሻም ሕመሙን ያቀልላታል። ይህን ሳትሰማ ቤቷ የገባች ሴት፣ መጀመሪያ ሲያማት በሽታው የተመለሰባት ይመስላታል፤ ከባሏም ትሸሻለች። ጉዳዩን እንደ ቅንጦት ለምታዩት ደግሞ ልጨምር፦ በጠበበ ብልት ስፔኩለም ማስገባት ጭንቅ ነው፤ ክትትላችሁም አብሮ ይሰናከላል።

«ራሷ ካላነሳችው ምን ላድርግ?» ትላላችሁ። እንዴት ታንሳው? መጋረጃው በግማሽ ተስቧል፣ ከጎን ሌላ ታካሚ ትመረመራለች፣ አስታማሚ ሆኖ የመጣው የባሏ ወንድም አጠገቧ ቆሟል። እኔ ጥያቄውን የምሰማው ኮሪደር ላይ ነው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲስተር፣ ወደ ባሌ ይጋባል እንዴ?» ትለኛለች። ካንሰር በግንኙነት እንደማይጋባ፣ ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረርም ሰውነቷ ውስጥ እንደማይቀር ለመንገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ይህን ያልሰማ ባል ለወራት መሬት አንጥፎ ይተኛል።

ደፍራ ሐኪሙን የጠየቀችም «ዋናው ጤናሽ ነው» ትባላለች። ደግ መልስ ይመስላል፤ አፍ ማዘጊያ ነው።

ጡቷ የተቆረጠባት ሴት ፋሻው ሲፈታ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እኛ «ቁስሉ ጥሩ ነው» ብለን ወደሚቀጥለው አልጋ እናልፋለን። ጡት መያዣ ላይ ከውስጥ ኪስ ሰፍቶ በጥጥ መሙላት እንደሚቻል ያሳያት ስለሌለ ካልሲ ጠቅልላ ትወጣለች፤ እሱም እየተንሸራተተ ገበያ መሃል ያሳቅቃታል። ኬሞ ስትጀምር ፀጉሯ እንደሚረግፍ እንነግራታለን (እሱንስ ማን ይደብቀዋል?)፤ የወር አበባዋ ሊቋረጥ፣ ስሜቷም ሊቀዘቅዝ እንደሚችል ግን አንነግራትም።

ስለዚህ አስታማሚውን ውጭ እንዲጠብቅ ንገሩት። ወሬውን እናንተ ጀምሩት፦ «ብዙ ሴቶች ከዚህ ሕክምና በኋላ ግንኙነት ያማቸዋል፤ አንቺስ?» ያላገባችውንም፣ ባሏ የሞተባትንም ጠይቁ፤ በዕድሜ የገፉትን እናትም «እርስዎስ?» በሏቸው። «አሁን ይቅርብኝ» ካለች አታስጨንቋት፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ድጋሚ ጠይቋት።