የሩዝ ችግኝ ጫፍ ሊቆረጥ ይገባልን?

ባለቤታቸው በግዳጅ ላይ የሚገኙ አንዲት እኅታችን ከፎገራ ሜዳ ደብዳቤ ልከውልናል። ዝናቡ ዘግይቶ ማሳው በወቅቱ ባለመዘጋጀቱ፣ በመደብ ያፈሉት የሩዝ ችግኝ 40 ቀን ሞልቶት ከልክ በላይ ረዝሞባቸዋል። ዋርሳቸው «ግማሹን በማጭድ ከርክመሽ ትከዪው» ሲሏቸው፣ ጎረቤታቸው ደግሞ «ብረት የነካው ችግኝ አይጸድቅም» ይሏቸዋል። የዓመቱ ቀለብ ከዚሁ ማሳ የሚጠበቅ በመሆኑ እንቅልፍ አጥተዋል።

እኅታችን ሆይ፣ ጫፉ በመቆረጡ ብቻ ችግኙ አይሞትም። አዲስ ቅጠል የሚፈልቅበት እምቡጥ ከሥሩ አጠገብ፣ በቅጠሎቹ እቅፍ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛልና። ችግኝ ሲነቀል ብዙ ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ቅጠሉ ግን ውሃ ማትነኑን አይተውም። ረጅሙ ቅጠልም ጎብጦ ጭቃ ላይ ይተኛል። መጠነኛ ክርከማ ይህን ያቃልላል፤ አገዳ ቆርቋሪ የምትባለው የእሳት ራት በቅጠል ጫፍ የጣለችው እንቁላልም አብሮ ይወገዳል።

ይሁን እንጂ የዋርሳዎ «ግማሹን» እጅግ በዛ። አዲስ ሥር የሚበቅለው ቅጠል በሚያዘጋጀው ምግብ ነው፤ ቅጠሉ ባነሰ መጠን ማገገሙ ይዘገያል። ስለዚህ ቢበዛ የላይኛውን ሲሶ ብቻ ይቁረጡ። የጎረቤትዎም ሥጋት ከንቱ አይደለም፤ ቅጠል የሚያደርቀው የባክቴሪያ በሽታ በቁስል በኩል ይገባል፣ በማጭድም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል። የቅጠሎቹ ዳር ቢጫ ሆኖ መድረቅ ጀምሮ ከሆነ ፈጽሞ አይከርክሙ።

ሥሩን ግን አይቁረጡ። ጭቃውን ለማራገፍ ችግኙን ከእግር ጋር ማጋጨት የተለመደ ቢሆንም ሥር ይጎዳል፤ በውሃ ማጠብ ይሻላል።

አንድ ነገር ልንደብቅዎ አንሻም። ችግኝ በ20 እና በ30 ቀን መካከል ቢዛወር ከሥሩ ብዙ አገዳ ያወጣል፤ ያለፈውን ጊዜ ክርከማ አይመልሰውም። ጉድለቱን ለማካካስ ቀረብ ቀረብ አድርገው፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ በየቦታው ከወትሮው አንድ ሁለት ችግኝ ጨምረው ይትከሉ። የተቆረጠው ጫፍ እንዳይሰጥም ውሃው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሁን።

ከሳምንት በኋላ አንዱን በዝግታ ሳብ ያድርጉት። አልነቀል ካለ አዲስ ሥር ይዟል፤ ያን ጊዜ ውሃውን ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉለት።