ጎተራው በጥር ይሙላ፤ በሐምሌ ይጎብኝ

ምሥራቅ ጎጃም ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው ጤፍና ስንዴ ነው። ከጎዛምን፣ ከማቻከል፣ ከአነደድና ከእነማይ የሚወጣው እህል ከደብረ ማርቆስ አልፎ የአዲስ አበባን ገበያ ይመግባል። ይህ መልካም ስም ግን አንድ ችግር ሸፍኗል። ትርፍ አምራች በሚባል ወረዳ ውስጥ የሚራብ ሰው አለ ቢባል ለማመን የሚቸገረው ብዙ ነው። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብርም ትኩረቱ የምግብ እጥረት በተደጋጋሚ የሚያጠቃቸው ወረዳዎች ላይ ነው።

የሚራበው ማን እንደሆነ ግን በየቀበሌው ይታወቃል። ጉልበቷ ደክሞ መሬቷን ለእኩል የሰጠች አረጋዊት፣ ከወላጅ በተከፈለች አንድ ጥማድ መሬት ጎጆ የወጣ ወጣት፣ መሬት የሌለው የቀን ሠራተኛ ናቸው። ጥቂት እህል ያላቸውም በታኅሣሥና በጥር ዕዳ ለመክፈል ሲሉ ዋጋው በረከሰበት ጊዜ ይሸጣሉ። በሐምሌና በነሐሴ ያንኑ እህል በውድ ይሸምታሉ። መሸመት ሲያቅታቸው ይበደራሉ፤ ካልሆነም ለዘር ያስቀመጡትን ይበላሉ። ዘር የተበላበት ቤት የቀጣዩ ዓመት ምርቱም ከወዲሁ ይጎድላል።

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም፣ የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት ወቅት፣ “ማዕድ ማጋራት” የሚለው ጥሪ በመላ አገሪቱ ተሰምቷል። ከዚያ ወዲህ በበዓል ዋዜማ ዘይትና ዱቄት ይዞ አቅመ ደካሞችን መጠየቅ ተለምዷል። ልማዱ ሊመሰገን ይገባል። ይሁን እንጂ ገና የሚውለው እህል ከአውድማ በሚገባበት ወር ነው፤ ችግሩ የሚጠናው ደግሞ በሐምሌ ነው። በሐምሌ ጠያቂም ካሜራም የለም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በየቀበሌው በመኸር የሚሞላ፣ በክረምት የሚከፈት የጋራ ጎተራ ማቋቋም ይቻላል። ስሌቱም ቀላል ነው። 800 አባወራ ያለው ቀበሌ እያንዳንዱ 10 ኪሎ ቢያዋጣ 80 ኩንታል ይገኛል። ከዚህ ላይ 40 ችግረኛ ቤተሰቦች በወር 50 ኪሎ ለሦስት ወር ቢሰጣቸው 60 ኩንታል ይወጣል። ቀሪው 20 ኩንታል ለዘር ብድር ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው።

“ጥገኝነትን ያስለምዳል” የሚል ስጋት ይነሣ ይሆናል። ስጋቱን ማቃለል ይቻላል። ጉልበት ያለው የወሰደውን በመኸር ያለ ወለድ ይመልስ፤ መመለስ የማይችሉት አረጋውያንና ሕሙማን ብቻ በነፃ ይውሰዱ።

ከዚህ የሚከብደው የአመኔታ ጉዳይ ነው። ገበሬው በመዋጮ ብዛት ተሰላችቷል። ስለዚህ ጎተራው በኮታ የሚሰበሰብ ሌላ መዋጮ ከሆነ ገና ሳይጀመር ይወድቃል። መዋጮው በፈቃድ፣ አስተዳደሩም በእድሩ እጅ ሊሆን ይገባል። እድር ሐዘንተኛን ሲያስተዛዝን ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ ብሎ መዝገብ መያዝን አብሮ ያውቃል። የጎተራው ሦስት ቁልፍ በሦስት ሰው እጅ ይሁን፤ ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን። ገቢና ወጪው በእድር ስብሰባ ላይ ይነበብ። የተቀባዮቹን ስም ግን በአደባባይ መጥራትም ሆነ እህል ሲቀበሉ ፎቶ ማንሣት አይገባም።

የግብርና ባለሙያዎችም ድርሻ አላቸው። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። በቆሎና ስንዴ ይረክሳሉ፤ በደንብ ሳይደርቁ ከገቡ ግን ሻጋታና ነቀዝ ይጨርሳቸዋል። አየር የማያስገባው ባለሦስት ድርብ ከረጢት ያለ ኬሚካል ነቀዝን ስለሚከላከል ለጎተራው ተመራጭ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን ሊያውሱ ይችላሉ፤ ሆኖም እህልና ማዳበሪያ በአንድ ክፍል መቀመጥ የለባቸውም።

የወረዳ አመራሩ ድርሻ ቤትና ከረጢት ማመቻቸት፣ ሒሳቡን ማስመርመር ነው። እህሉን ወደ ሌላ ጉዳይ ማዞር ግን የለበትም። በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ከሩቅ የሚመጣ እርዳታ ሊዘገይ ይችላል፤ በቀበሌው ያለ እህል ግን መኪና አይጠብቅም።

ከአውድማው ላይ ለችግረኛ መስፈር ለጎጃም ገበሬ እንግዳ አይደለም። እድሮች ውቂያ ሳይጀመር በኅዳር ይምከሩበት። አመራሩም በሐምሌ ጭቃውን ረግጦ ይሂድና ጎተራውን ከፍቶ ይይ፤ ስንት ኩንታል ቀረ፣ ማን ሳይደርሰው ቀረ ብሎ ይጠይቅ።