ጭምብሉ ሲወልቅ

ሰሞኑን ከወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ ስለ ፊልም ክርክር ተነሣ። አንድ የምወደው ወንድም፣ «ዳርዝ ቬደርን ያበላሹት ሰው ያደረጉት ቀን ነው» አለ። አብዛኞቹ ተስማሙ። እኔ አልተስማማሁም፤ ነገር ግን ሰዓቱ መሽቶ ስለ ነበር ሳልመልስ ተለያየን። ዛሬ ልመልስለት፤ ነገሩ ከፊልም ያለፈ ነውና።

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። የጆርጅ ሉካስ «ስታር ዋርስ» እ.ኤ.አ. በ1977 ሲወጣ ቬደር ከራሱ እስከ እግሩ ጥቁር የለበሰ፣ ፊቱ በጭምብል የተሸፈነ፣ ትንፋሹ ብቻውን የሚያስደነግጥ ጨካኝ ነበር። በ1980 በወጣው ፊልም ግን የሚያሳድደው የወጣቱ የሉክ አባት መሆኑ ተገለጠ። በ1983 ልጁ ጭምብሉን ሲያወልቅለት ከሥሩ የገረጣና ጠባሳ የሞላበት የአንድ ሽማግሌ ፊት ወጣ። ከ1999 እስከ 2005 በወጡት ሦስት ፊልሞች ደግሞ ሉካስ ወደ ኋላ ተመልሶ ይህ ሰው አናኪን የሚባል የዘጠኝ ዓመት ባሪያ ልጅ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ታሪኩን አሳየን።

የወንድሜ ክርክር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ያወቅነውን ነገር አንፈራውም፤ እናቱን ተሰናብቶ የሚያለቅስ ሕፃን ካየን በኋላ ጥቁሩ ልብስ ልብስ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ክፉውን ማዘን ስንለምድ ክፋቱንም ማቅለል እንለምዳለን። ሁለተኛው ስጋት እውነት አለበት፤ እመለስበታለሁ። የመጀመሪያው ግን ስሕተት ነው።

ጭምብል ያደረገውን ቬደር የምንፈራው እንዳያገኘን ነው። እርሱ እዚያ ማዶ፣ እኛ እዚህ ማዶ ነን። ፊልሙ ሲያልቅ ፍርሃቱም ያልቃል። ፊት ያለውን ቬደር ግን የምንፈራው እርሱን እንዳንሆን ነው። ይህ ፍርሃት ተከትሎን ቤት ይገባል።

እስቲ አናኪንን የጣለው ምን እንደ ሆነ ተመልከቱ። በ2002ቱ ፊልም እናቱ በጠላፊዎቿ ተሠቃይታ በእቅፉ ሞተች፤ እርሱም በቁጣ የሰፈሩን ወንዶች ብቻ ሳይሆን ሴቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ጨረሰ። ከዚያ ሚስቱ ስትሞት በሕልሙ አየ። ከሞት የሚያድናትን ኃይል እሰጥሃለሁ የሚል ሲመጣ ለእርሱ ሎሌ ሆነ። በ2005ቱ ፊልም መጠጊያ ፈልገው የተደበቁ ሕፃናትን በሰይፍ ገደለ፤ በመጨረሻም ሊያድናት የተነሣላትን ያችኑ ሚስቱን አነቃት። ከዚህ ሁሉ የማናውቀው ስሜት የቱ ነው? መነሻው ፍቅር ነበር፤ ለእግዚአብሔር ያልተሰጠ፣ ጨብጦ የያዘውን ላለመልቀቅ ሲል ሁሉን የሚያጠፋ ፍቅር። ትዳር፣ ልጅ ወይም አገልግሎት ያለው ሰው ይህን አይቶ ራሱን ካልመረመረ፣ ምን ቢያይ ይመረምራል?

ቅዱሱ መጽሐፍስ እንዴት ያስተምረናል? ቃየን ከመግደሉ በፊት እግዚአብሔር ሲያነጋግረውና ሲያስጠነቅቀው እናያለን። ዳዊትን ሲያሳድድ የኖረው ሳኦል፣ ሊያነግሡት ሲፈልጉት በዕቃ መካከል የተሸሸገ ዓይናፋር ነበር። ይሁዳ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነበር። ነቢዩ ናታንም ወደ ዳዊት ሲመጣ የድሃውን አንዲት በግ ስለ ቀማ ባለጠጋ ነገረው። ዳዊት ያን ፊት የሌለውን ክፉ ሰው በሰማ ጊዜ ቁጣው ነደደ፤ ይሙት ብሎ ፈረደ። መፍረድ ቀላል ነበር። ያ ሰው አንተ ነህ በተባለ ጊዜ ግን ንጉሡ ተሰበረ። ወገኖቼ፣ ናታን ታሪኩን ያደከመው ፊት ሲሰጠው ነውን?

አሁን ወደ ሁለተኛው ስጋት። አዎን፣ ክፉውን ሰው ማድረግ የሚያበላሽበት መንገድ አለ፤ እርሱም ማስረዳቱ ማመካኛ ሲሆን ነው። እዚህ ላይ ፊልሙንም እወቅሳለሁ። በ1983ቱ መጨረሻ ቬደር ልጁን ለማዳን ጌታውን ወደ ገደል ወርውሮ ይሞታል፤ ወዲያው ከመልካሞቹ መምህራን ጋር በብርሃን ቆሞ ይታያል። ስላፈሰሰው ደም የጠየቀ የለም። አንድ መልካም ሥራ ሠራ፣ ሒሳቡ ተዘጋ። ይህ ወንጌል አይደለም። በጌታ ጎን የተሰቀለው ወንበዴ ሒሳቡን የሚዘጋበት ሥራ አልነበረውም፤ ቅጣቱ የሚገባው መሆኑን ግን አልካደም። ዕዳውን የከፈለው አጠገቡ የተሰቀለው ነው። ምሕረቱ ደሙን አላቀለለውም፤ ዋጋውን አሳየ እንጂ። እንግዲህ ክፉውን የሚያደክመው ሰበቡ እንጂ ፊቱ አይደለም።

ይህን የምጽፈው በነገሩ ስላለፍሁ ነው። ለብዙ ዓመታት በስሙ የማልጠራው ሰው ነበረኝ። በቤተሰቤ ላይ ያደረገውን እዚህ አልዘረዝርም። «ያ አውሬ» እለው ነበር። አውሬ ማለት ይመቻል፤ ለአውሬ የሚጸልይ የለምና። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት አገኘሁት። አርጅቷል፤ ሊወጣ ሲነሣ እጁ እየተንቀጠቀጠ የጫማውን ክር ማሰር አቃተው። ዝም ብዬ አየሁት። ያደረገው ነገር በዓይኔ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከበደብኝ፤ ያደረገው እንደ እኔ ያለ ሰው ነዋ። በዚያ ሌሊት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠርቼ ጸለይሁለት።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ ጭምብሉ ይውለቅ እላለሁ። ውጊያችን ከሥጋና ከደም ጋር እንዳልሆነ ተምረናል። ዲያብሎስ ንስሐ የለውም፤ ሰው ግን የቱንም ያህል ቢጠቁር ዲያብሎስ አይደለም። ሰውን ጭራቅ ያደረግን ቀን ሁለት ነገር እናጣለን፤ ለእርሱ መጸለይንና ራሳችንን መመርመርን።

ይህን እያነበብህ «እኔ ግን ሩቅ ሄጃለሁ፣ ፊቴን የሚያይልኝ የለም» የምትል ካለህ፣ ጌታ ኢየሱስ ከጭምብልህ በታች ያለውን ያውቀዋል። ያውቀዋልና ሞተልህ። ዛሬ በስምህ ሲጠራህ እሺ በለው።

ጸጋው ይብዛላችሁ።