ከኢንሳ የወጣ ፕሮግራመር ምን ያሳይ?

ደብረ ማርቆስ ተመርቆ ኢንሳ የገባ ልጅ «ምን ትሠራለህ?» ሲባል «ኮምፒውተር ላይ ነኝ» ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። በአዋጅ 808/2006 ዳግም የተቋቋመው ይህ መሥሪያ ቤት የሳይበር ደህንነት ጠባቂ ነው፤ ሠራተኛውን ማጣራቱም፣ ምስጢር ጠብቅ ብሎ ማስፈረሙም ተገቢ ነው። ነገር ግን ማመልከቻን ከመዝገብ ቤት ወደ ባለሙያ፣ ከባለሙያ ወደ ኃላፊ ፊርማ የሚያሻግር ሲስተም ለሠራ ልጅ፣ ምስጢሩ ፋይሉ ውስጥ ያለው መረጃ እንጂ ሙያው አይደለም።

ሲለቅ የግል ቀጣሪ «ሥራህን አሳየን» ይለዋል። ኮዱ ግቢ ውስጥ ቀርቷል። በተማሪነቱ የሠራውን እንዳያሳይ ደግሞ፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ጊትሃብ ላይ በምን ይጫን? (የአዲስ አበባ እኩያው ይህ አልደረሰበትም።)

ቢያንስ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ይናገርለት። የሰርቨሩም የተገልጋዩም ስም ይቅር፤ በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በምን ኃላፊነት፣ ስንት ዓመት እንደሠራ ግን ይጻፍለት።