«ተጨንቀው ነው» ምርመራ አይደለም

ትናንት ሌሊቱን አልተኛሁም፤ አነጋገሬ ቢሻክር ይቅር በሉኝ።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ምግብ ቤት አለው። በሩ አጠገብ ደግሞ የጨው ውኃ አኳሪየም አስቀምጧል፤ ኮራል ያለበት፣ ደንበኛው ሁሉ ከነልጁ ቆሞ የሚያየው። «ቲቸር፣ በዚህ ሰዓት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዓሦቼ ሊያልቁ ነው» አለኝ። ከሦስት ቀን በፊት ከትንሹ ገንዳ ወደ አዲስ ትልቅ ገንዳ አዛውሯቸው ነበር። አሁን ሁሉም ላይኛው ውኃ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ መተንፈሻቸው ቶሎ ቶሎ ይመታል።

ገንዳውን የሸጠለት ሱቅ ደውሎ ጠይቋል። መልሱ ምን ይመስላችኋል? «ስትረስ ነው፤ ቦታ ሲቀይሩ ያጋጥማል።» በቃ! ከዚያ ሦስት ጠርሙስ ሸጡለት፦ አንዱ ጭንቀት የሚያበርድ፣ አንዱ ባክቴሪያ፣ አንዱ መድኃኒት።

ያናደደኝ ይሄ ነው። ልጅ ሲያለቅስ «ለቅሶ ይዞት ነው» ብሎ ሽሮፕ የሚያዝ ሐኪም አይታችኋል? ዓሣው መጨነቁንማ ባለቤቱም አይቷል፤ ለዚያ ነው የደወለው። ጥያቄው ምን አስጨነቀው ነው። አሞኒያው ስንት ነው? ጨዋማነቱስ? ሙቀቱስ? ከሦስቱ አንዱን እንኳ የጠየቀው ሰው የለም።

መለኪያዬን ይዤ፣ ከራሴ ገንዳ ሁለት ድንጋይ በባልዲ ውኃ ውስጥ አድርጌ ሄድኩ። ቢጫ መሆን የነበረበት የአሞኒያ መሞከሪያ አረንጓዴ ሆነ። በኮራል ገንዳ ውስጥ አሞኒያ መታየት የለበትም፤ ዜሮ ነው መሆን ያለበት። የባሕር ውኃ ፒኤቹ 8.2 አካባቢ ነው፣ ፒኤች ከፍ ሲል ደግሞ መርዛማው የአሞኒያ ድርሻ አብሮ ይጨምራል።

ከየት መጣ? የድሮውን ድንጋይ «አርጅቷል፣ አያምርም» ብሎ ጥሎታል፤ በምትኩ ነጭ ደረቅ ድንጋይ ገዝቷል። የድሮውን አሸዋ ደግሞ ሳያጥብ፣ ከነተጠራቀመው ቆሻሻ ገልብጦታል። የድሮውን ውኃ ግን «ባክቴሪያው እንዳይጠፋ» ብሎ በጄሪካን በጥንቃቄ አጓጉዟል። የተገላቢጦሽ! አሞኒያን የሚበሉት ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት ድንጋዩና አሸዋው ላይ ተጣብቀው ነው፤ ውኃው ውስጥ ያለው ጥቂት ነው። የወጥ ቤት ሠራተኞቹን አባርሮ እጣቢውን ተሸክሞ መጣ ማለት ነው። እንዲህ ስለው ሳቀ፤ እኔ ግን ትንሽ አፈርኩ። የናይትሮጅንን ዑደት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት የሣልኩለት እኔ ነኝ። ገልብጦ፣ ሸምድዶ፣ ተፈትኖ አለፈ። አንድ ብርጭቆ ውኃ ግን አስለክቼው አላውቅም።

ሦስተኛው ጠርሙስ እጁ ላይ ነበር፣ ክዳኑ ተከፍቶ። ጀርባውን በስልኬ መብራት አነበብኩት፤ መዳብ አለበት። መዳብ ነጭ ነጠብጣብ የያዘውን ዓሣ ለብቻው በተለየ ገንዳ ውስጥ ለማከም ጥሩ መድኃኒት ነው። ኮራል ካለበት ገንዳ ከገባ ግን ሽሪምፑን፣ ቀንድ አውጣውን፣ ኮራሉን ይገድላል፤ ድንጋዩና አሸዋውም ይይዘዋል። አንዱም ዓሣ ላይ ደግሞ ነጠብጣብ አልነበረም! ደወሉ አሥር ደቂቃ ቢዘገይ ኖሮ ያንን ሁሉ በገዛ እጁ ይመርዘው ነበር።

«ቲቸር አጋነኑት፤ ዝውውር እኮ እውነትም ያስጨንቃል» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። በመረብ የተያዘ ዓሣ ይደበቃል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ አንድ ሁለት ቀን ላይበላም ይችላል። ግን ያ በየቀኑ እየቀለለ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን የባሰበት፣ ያውም ሁሉም በአንድ ላይ፣ መጀመሪያ ውኃው ነው የሚጠረጠረው። ኮራልም እንደዚሁ፦ ከደካማ መብራት አውጥታችሁ አዲስ ኃይለኛ ኤልኢዲ ሥር ብታስቀምጡት ውስጡ የሚኖረውን አልጌ አስወጥቶ ይነጣል። መብራቱን ቀንሶ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ መጨመር ነው እንጂ የሚጨመር ጠርሙስ የለም።

አሞኒያን ለጊዜው የሚያስር ፈሳሽ መኖሩን አልክድም፤ ቸግሮኝ ተጠቅሜበታለሁ። ግን ለክቼ።

ግማሹን ውኃ ቀየርነው፤ ጨውን 35 ግራም በኪሎ፣ ሙቀቱን 25 ዲግሪ አድርገን። ፓምፑን ወደ ላይ አዙረን ውኃውን አናወጥነው። ድንጋዮቼን አስገባን፣ ምግብ አቆምን።

ሲነጋጋ ሁለቱ ክላውን ዓሦች ወደ ታች ወረዱ። ሐምራዊው ታንግ ግን ሞተ። አገሩ ቀይ ባሕር ነው፤ ልጁ ለደንበኞቹ «የሠፈራችን ልጅ» እያለ ነበር የሚያስተዋውቀው (ፖለቲካ እንዳታነሱብኝ)። በወረቀት ጠቅልሎ ይዞት ቆመ፤ ምን እንደምለው ጠፋኝ።

ኮራሎቹ ገና አልተከፈቱም። ዛሬ ማታ ተመልሼ እለካለሁ። ኮመንት ላይ «ቲቸር፣ የኔም እንደዚህ ሆኗል፣ ምን ልጨምር?» የምትሉ፣ መጀመሪያ ቁጥራችሁን ጻፉልኝ፦ አሞኒያ፣ ጨዋማነት፣ ሙቀት።